የወንድሜ ሣጥንና የኋላው ጎማ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ለሚገኘው የተሽከርካሪ ክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ
ለተከበሩት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሐምሌ ወር ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጣቢያዎ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ምንም ዓይነት ጉንፋን እንዳይዘው በሰፊ የቆርቆሮ ጣራ ለተከለለው ሚዛንዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሰማይ አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ስልክዎንም ሁልጊዜ የሚሠራ ያድርግልን።

እኔ ማን እንደሆንኩ ላያውቁ ይችላሉ። ፊት ለፊት ተገናኝተን አናውቅምና አልፈርድብዎም። ሠርካለም መልከ ጼዴቅ እባላለሁ፤ በዳባት ከተማ የአማርኛ መምህርት ነኝ። በሐምሌ መጨረሻ ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ መኪና የታናሽ ወንድሜን የያርጋልን አስከሬን ይዘን ከጎንደር ወደ ደረስጌ ስንጓዝ፣ ጣቢያዎ ቀኑን ያዋለን ሰዎች እኛ ነን። ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በበርዎ ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ቁልፉ ከጠፋ መቆየቱን፣ የገባ ወረቀትም እንደማይወጣ ስለነገሩኝ በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከመዘርዘሬ በፊት ስለ ወንድሜ ጥቂት እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም እርስዎና እሱ በሙያ ዘመዳሞች ናችሁ። ያርጋል በወጣትነቱ ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ በምድር ባቡር ተቀጥሮ፣ የጭነት ፉርጎ ሲመዝን የኖረ ሰው ነበር። እኛ አገር ሐዲድ የለም። እናታችን እማሆይ ወለተ ሥላሴ ባቡር የሚባለውን ነገር ያዩት ያርጋል በስልኩ ይዞት በመጣው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እሱንም አይተው ብዙ አልተደነቁም። አባታችን መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ካረፉ ወዲህ እናታችን መንኩሰው ደረስጌ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ይኖራሉ፤ ልጃቸው ምን ሠርቶ እንደሚያድር ማወቅ ግን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ሲመጣ፣ ቤት የሚያህለውን ብረት እንዴት አንሥታችሁ ትመዝኑታላችሁ ብለው ጠየቁት። እሱም ማንም እንደማያነሣው፣ ሚዛኑ ራሱ ሐዲዱ እንደሆነ አስረዳቸው። ከሐዲዱ ላይ አንድ ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ በጣት በምታህል ክፍተት ከሌላው ተለይቶ፣ ከሥሩ በሲሚንቶ በተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ባሉት የሚዛን ብረቶች ላይ ተቀምጧል። ባቡሩ ፉርጎውን ቀስ ብሎ ይገፋውና ከቁራጩ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ ከፊቱም ከኋላውም ይፈታል፤ መወዛወዙን እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ከተገኘው ክብደት ላይ በጎኑ የተጻፈው የባዶው ፉርጎ ክብደት ሲቀነስ የቀረው ጭነቱ ነው። ፉርጎው ረዝሞ ከሚዛኑ ካለፈ ደግሞ በመጀመሪያ የፊቱ ጎማ፣ ቀጥሎ የኋላው ጎማ ተመዝኖ ይደመራል።

እናታችን ትንሽ አሰቡና "እንደ ቃሬዛ ነዋ" አሉት። "አንዱ በፊት አንዱ በኋላ ሆኖ በሽተኛ ሲሸከም፣ ሜዳ ላይ እኩል ነው፤ ሽቅብ ሲሆን ግን የኋለኛው ነው የሚጎብጥ።" ያርጋል ከመቀመጫው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከሚዛኑ በፊትና በኋላ ያለው መሬት ልክ እንደ ሚዛኑ ደልዳላ መሆን ያለበት ለዚህ ነው አላቸው፤ ያለዚያ ሸክሙ ወደ አንዱ ወገን ይሄድና ቁጥሩ ይዋሻል። ፉርጎዎቹ ለምን ይፈታታሉ ብለው ደግሞ ጠየቁት። ተያይዘው ከቆሙ አንዱ የሌላውን ሸክም ስለሚደግፍ የማናቸውም ክብደት በትክክል አይታወቅም አላቸው። እናታችን መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ቆዩና "እንዲያ ከሆነስ ባይታወቅ ይሻላቸዋል" አሉ። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን።

ይህ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ጉበቱን ታመመ። ጎንደር አምጥተን አስተኛነው፤ ክረምቱ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ አረፈ። እናታችን በእርጅናቸው ምክንያት መጥተው ሊያስታምሙት አልቻሉም። መርዶው በጎረቤት ስልክ ሲነገራቸው "ብቻ አምጡልኝ" ብለው ስልኩን ለባለቤቱ መለሱ። እንግዲህ ከእኛ የተፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያርጋልን ደረስጌ አድርሶ፣ እናቱ ባሉበት ከአባቱ ጎን ማሳረፍ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በክቡርነትዎ ጣቢያ በኩል እንዴት እንዳለፈ በሚከተሉት ነጥቦች አስረዳለሁ።

፩. ስለ ኋላው ጎማ። በክረምት የቧሂትን ተራራ ወጥቶ ደረስጌ የሚደርስ መኪና ማግኘት ምን እንደሚመስል ክቡርነትዎ ያውቁት ይሆናል፤ ካላወቁትም ተመስገን ነው። ገዱ የሚባል ሾፌር ለደብሩ የአጥር ግንባታ ሲሚንቶ ጭኖ ሊወጣ ሲል አገኘነውና ብንለምነው "ሲሚንቶውም የደብሩ፣ ሰውዬውም የደብሩ፤ አብረን እንወጣለን" ብሎ ተቀበለን። በእኛ ዘንድ ደግሞ አስከሬን በዕቃ ላይ አይጫንም፤ ከዕቃ ኋላም እየተጎተተ አይሄድም። ስለዚህ ወንዶቹ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ቦታ አጽድተው፣ ሲሚንቶውን በሙሉ ወደ ኋላ ገፍተው ደረደሩትና ሣጥኑን ከፊት በክብር አስቀመጡት። አባ ኪዳነ ማርያም፣ የነፍስ አባታችን፣ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው ተቀመጡ፤ እኛም ዙሪያውን።

ሚዛንዎ ላይ በወጣን ጊዜ የፊቱ ጎማ ደኅና ነበር፤ ጠቅላላው ክብደትም ከተፈቀደው በታች ነበር፤ የኋላው ጎማ ግን ከልኩ ጥቂት አለፈ። ስጦታ የተባለችው ባለሙያዎ ከመስኮቷ ወጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጭነቱን ወደ ፊት ማሸጋሸግ እንዳለብን ነገረችን። ክቡር ሆይ፣ በቁጥሩ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ወደ ኋላ የከበደ መኪና አስፋልት እንደሚሰብር ያርጋል ራሱ ነግሮኛል፤ በሕይወት ቢኖርና በዚያ ቢያልፍ ኖሮ ከስጦታ ጎን ቆሞ "አሸጋሽጉ" ይለን እንደነበር አልጠራጠርም። ልጅቷን እንዳይቀጧት አደራ እያልኩ ወደ ሁለተኛው ነጥብ እሻገራለሁ።

፪. ስለተጨመረልን ምዕራፍ። ሲሚንቶው ወደ ፊት እንዲመጣ ሣጥኑ መውረድ ነበረበት። አስከሬን ደግሞ ከተነሣ በኋላ እንደ ጆንያ በየደረሰበት አይወርድም፤ ወደ መቃብሩ ሲሄድ የሚያርፍባቸው ሰባት ምዕራፎች አሉት፤ በየምዕራፉም ጸሎት ይደርሳል። ሰባቱን ምዕራፎች ከደረስጌ ገበያ ጀምረን በአገራችን መንገድ ላይ ለማድረግ አስበን፣ ሽማግሌዎችም በየቦታው ሊቀበሉን ተዘጋጅተው ነበር። ወንዶቹ ሣጥኑን ይዘው መሬት ሊያስነኩት አልደፈሩም፤ እንዲያው ተሸክመውት በመኪናው አጠገብ ቆሙ። አባ ኪዳነ ማርያም ይህን አይተው "አይዟችሁ፣ እንግዲህ የመጀመሪያው ምዕራፉ እዚህ ሆነ፤ አሳርፉት" አሉና ጸሎቱን ጀመሩ። ከኋላችን ተራ ይጠብቅ የነበረ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ስጦታም ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከበሩ ቆማ ታለቅስ ነበር። እንግዲህ ጣቢያዎ ከሰባቱ የያርጋል ምዕራፎች አንደኛው ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎ። ሌሎቹ ስድስቱ የት እንደደረሱ ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

፫. ስለ ጣራው። ወንዶቹ ከረጢቱን ሲያሸጋሽጉ ዝናቡ መጣ። የሐምሌን ዝናብ ለደባርቅ ሰው አላስተምርም። ሣጥኑ በመንገዱ ዳር በድንጋዮች ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከእሱ እስከ ሚዛንዎ ጣራ ያለው ርቀት ሸክም የያዘ ሰው ሳይደክመው የሚደርስበት ነው። በዚያን ሰዓት ከጣራው ሥር የሚመዘን መኪና አልነበረም፤ ሚዛኑ ብቻውን ደርቆ ተኝቶ ነበር። ነገር ግን በምሰሶው ላይ፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ፣ ከሚመዘን ተሽከርካሪ በስተቀር በዚህ ጣራ ሥር ምንም ነገር ማቆም ፈጽሞ የተከለከለ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የአማርኛ መምህርት ነኝና አጻጻፉ እንከን የሌለው መሆኑን እመሰክራለሁ። ስጦታ ፈቃድዎን ለመጠየቅ ደጋግማ ደወለች፤ ስልክዎ ዝግ ነበር። ዘበኛው፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ "አፈር ልብላ፣ እንጀራዬ ናት" እያለ ወደ ምሰሶው አሳየን እንጂ አልከለከለንም። እኛም አልደፈርንም። ደፍረን ቢሆን ኖሮ ብዬ የማስብበት ቀን ብዙ ነው፤ ማስታወቂያ ሲያዩ መታዘዝ ለለመደ ሰው ግን ድፍረት በዚያች ሰዓት ከየትም አይመጣም።

ገዱ መኪናው ላይ ወጣና ሲሚንቶው የተሸፈነበትን ሸራ ገፍፎ ሣጥኑን አለበሰው። ከመካከላችን አንዱ፣ ኧረ የቤተ ክርስቲያኑ ሲሚንቶ ይበላሻል ቢለው፣ "ቤተ ክርስቲያንማ ሌላ ሲሚንቶ ታገኛለች፤ ይህ ሰው ግን ሌላ ልብስ የለውም" አለ። እኔ የሸራውን አንድ ጫፍ ይዤ ቆሜ ነበር። ነፋሱ ሸራውን በገለጠው ቁጥር ጠብታው የሣጥኑን ክዳን ሲመታ እሰማ ነበር። ልጅ ሆነን ዝናብ ሲመጣ ያርጋልን ከነጠላዬ ሥር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ያ ድምፅ ዛሬም ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ይመጣብኛል፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

፬. ስለ እርጥቡ ሲሚንቶ። ዝናቡ ሲያባራ ጭነቱ ተስተካክሎ፣ ሣጥኑም በሐዘን ወደ ኋላ ተዛውሮ፣ እንደገና ሚዛን ላይ ወጣን። የኋላው ጎማ አሁን ሕጋዊ ሆነ። ይሁን እንጂ የወረቀት ከረጢቶቹ ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥተው ስለነበር ጠቅላላው ክብደት ከተፈቀደው አለፈ። ክቡር ሆይ፣ ነገሩን ልብ ይበሉልኝ፤ የመጀመሪያው ጥፋታችን አስከሬኑን ማክበራችን ነበር፤ ሁለተኛው ጥፋታችን አስከሬኑን ማልበሳችን ሆነ። ያርጋል በመዘነው ፉርጎ ሁሉ ከክብደቱ ጎን የዕለቱን አየር ይጽፍ እንደነበር አጫውቶኛል፤ ዝናብ የመታው ጭነት ከብዶ ቢገኝ የጫነው ሰው ሌባ እንዳይባል። የእርስዎ ኮምፒውተር ለአየር የሚሆን ቦታ የለውም፤ ይህንንም ስጦታ ናት ያሳየችኝ።

ከዚህ በኋላ ሲስተሙ ተዘጋ። አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከልክ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሲስተሙ እንደሚዘጋ፣ የሚከፈተውም በኃላፊው የይለፍ ቃል ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ተማርን። ሲሚንቶውን እዚሁ እናራግፈው፣ ሣጥኑን ብቻ ይዘን እንሂድ አልን፤ የተመዘገበ ጭነት መዝገቡ ሳይዘጋ እንደማይራገፍ ተነገረን። ሌላ መኪና ለመንን፤ የሚያልፉት ሁሉ መንገዳቸው ደባርቅ ድረስ ነበር፤ በዚያ ጭቃ ተራራውን የሚወጣው የገዱ መኪና ብቻ ነው። በወንድሜ የሥራ ቦታ ፉርጎ ከልክ በላይ ሲሆን ያንን ፉርጎ ፈትተው በጎን ሐዲድ ያቆሙታል፤ ባቡሩ ግን መንገዱን ይቀጥላል። እኛን ማን ይፍታን፤ ያርጋልና ሲሚንቶው፣ እኛና አባ፣ ገዱም ጭምር ተያይዘን አጥርዎ ውስጥ ቆምን።

፭. ስለ ሥልጠናው። ክቡርነትዎ በዚያን ዕለት ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ለተገልጋይ ቅን አገልግሎት ስለመስጠት ሥልጠና በመውሰድ ላይ እንደነበሩ በኋላ ሰምተን በጣም ተጽናናን። የአክስቴ ልጅ በሚኒባስ ተሳፍሮ ከአዳራሹ ደጃፍ ደረሰ። የሠልጣኞች ሐሳብ እንዳይበታተን ስልካችሁ በቅርጫት ተሰብስቦ መቀመጡን በረኛው ነገረው። ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ላከልዎ፤ ከሻይ በኋላ የሚል መልስ መጣለት። ከሻይ በኋላ የቡድን ውይይት ነበር። ከቡድን ውይይቱ በኋላ ምሳ ነበር። ልጁ በረኛው ተቆጥቶ እንዳይመልሰው ፈርቶ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቀዎ፤ በደረስጌም እናቴ ይጠብቁ ነበር።

ቀኑ ካጋደለ በኋላ ደወሉ። የይለፍ ቃሉን ለስጦታ ነገሯት፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን እመኛለሁ ብለዋል አለችን። እግዚአብሔር ይስጥልን። ሲስተሙ ተከፈተ፤ መውጫውን የዘጋው አጣናም ተነሣልን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ አንድም ከረጢት አልወረደም። መኪናው በዚያው ጭነት፣ በዚያው ክብደት፣ በዚያው አስፋልት ላይ አለፈ። አጥርዎ ውስጥ ያቆመን ክብደት ስንወጣም አብሮን ነበር፤ ከእኛ ላይ የተቀነሰው ቀኑ ነው።

የሚቀጥለውን ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ቁጥር ሳይኖረው ያንብቡልኝ።

ደባርቅ ስንደርስ ተራራው በጉም ተውጦ ነበር። ተራራው ላይ ካለው ከጨነቅ በኩል የመጡ ሰዎች ናዳ መንገዱን እንደዘጋው፣ ጠዋት ያለፉ መኪኖች ግን በደኅና እንዳለፉ ነገሩን። ጠዋት ያለፉ የሚለውን ቃል ገዱ ሲሰማ መሪው ላይ ተደፋ። ልሞክር አለ፤ አባ ኪዳነ ማርያም ግን "አንድ ሬሳ ይዘን ወጥተን ሌላ አንጨምርም" ብለው ከለከሉት። አስከሬኑ ሌላ ቀን የሚቆይ አልነበረም። ስለዚህ ወንድሜን ዘመድ በሌለው በደባርቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በችኮላ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ የቀረችው ብርሃን ሳትጠፋ ቀበርነው። የቀሩት ምዕራፎቹ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከበሩ እስከ መቃብሩ ባለችው አጭር መንገድ ላይ፣ እየተጣደፉ ደረሱለት። የደባርቅን ሰው እግዚአብሔር ይባርክ፤ ደወል ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሴቶቹ ስሙ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁኝና፣ አይተውት የማያውቁትን ሰው በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት።

በዚያ በደረስጌ ደግሞ እናቴን ጎረቤቶች ከጠዋት ጀምረው በቃሬዛ አውጥተው፣ ከአባቴ መቃብር አጠገብ፣ ለያርጋል በተማሰው ጉድጓድ ራስጌ አስቀምጠዋቸው ነበር። እዚያው ዋሉ። እህል ውሃ አልቀመሱም። እኛ ከቀበርን በኋላ ስልክ ተደውሎ ሲነገራቸው አልጮኹም ይባላል። "እንግዲያው ጉድጓዱን መልሱት፤ አፉን ከፍቶ አይደር" ብለው አዘዙ። ወንዶቹም በባዶ ጉድጓድ ላይ አፈር መለሱ፤ እናቴ አፈሩ እስኪያልቅ ተቀምጠው አዩና ወደ ቤት ውሰዱኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ሄጄ አጠገባቸው በተቀመጥኩ ቁጥር የደባርቅ አፈር ድንጋይ ይበዛዋል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ለስላሳ ነው እላቸዋለሁ። ልቤ ተሰብሯል ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ አማርኛ የምገልጽበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም።

እንግዲህ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ይዤ በፊትዎ እቆማለሁ። በደብራችን ልማድ፣ በሰው አገር የተቀበረ ሰው ዓመታት ካለፉ በኋላ አጽሙ ፈልሶ ወደ አባቶቹ ቦታ ይመጣል። እናቴ ያን ቀን ይደርሳሉ ብዬ አላስብም፤ እሳቸውም አያስቡም። እኔ ግን በሕይወት ከቆየሁ ያርጋልን ከደባርቅ አውጥቼ ከአባቱና፣ ያን ጊዜ ምናልባትም ከእናቱ፣ አጠገብ አሳርፈዋለሁ። ከዳባት ወጥቼ ካህን ይዤ በጣቢያዎ በኩል ማለፌ አይቀርም። ስመለስ የምይዘው አንድ ሰው በክንዱ የሚያቅፈው ትንሽ ሣጥን ነው፤ ከታፋዬ ላይ አስቀምጬው እጓዛለሁ። ስለዚህ ከወዲሁ እንድዘጋጅ፣ በመኪናው ፊተኛ ወንበር ላይ ልቀመጥ ወይስ በኋለኛው፣ የጣቢያዎን መመሪያ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ዝናብ ካለም ሌላ ቀን እመርጣለሁ።

ለእኔና ለወገኖቼ ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ለመጽናናት ምኞትዎ፣ ውለታዎን የምከፍልበት አቅም የለኝም። መንገዱ ይጠበቅልን፤ አስፋልቱ አይሰበር፤ ሚዛኑም ከፀሐይና ከዝናብ ተሰውሮ ለልጅ ልጆቻችን ይትረፍ።

ሁለት ጊዜ ተመዝና ሁለቱንም ጊዜ ከልክ በላይ ሆና የተገኘችው፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ ተገልጋይ፣
ሠርካለም መልከ ጼዴቅ
ዳባት

ግልባጭ፦
ለቅን አገልግሎት አሰጣጥ ሥልጠና አዘጋጆች
ለምሰሶው ማስታወቂያ፣ ካለበት ሳይነሣ

ማስታወሻ፦ እናቴ ከአፈሩ ሌላ የጠየቁኝ አንድ ነገር አለ። በዚያን ዕለት ደረስጌም ዘንቦ ኖሮ፣ ዝናቡ ሲመጣ ልጄን ወዴት አስገባችሁት አሉኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። የጣቢያው ኃላፊ ራሱ ወጥቶ ሣጥኑን ከሰዎቹ ጋር ተሸክሞ ቢሮው ውስጥ አስገባው፤ ጠረጴዛውን ገፍቶ ቦታ ሰጠው፤ ዝናቡ እስኪያባራም ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ ቆመ አልኳቸው። እናቴ ብዙ አለቀሱ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጀምሮ በጠዋት ጸሎታቸው ላይ ከያርጋል ቀጥለው እርስዎን ያነሣሉ፤ የክርስትና ስምዎንም ጠይቄ እንዳመጣላቸው አዝዘውኛል። ቢልኩልኝ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። ባይልኩትም "ያ ልጄን ከዝናብ ያስጠለለልኝ ሰው" እያሉ መጸለያቸውን አይተዉም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ እንዳልነበረ እኔ አልነግራቸውም፤ ወደ ደረስጌ የሚወጡበት ቀን ቢኖር እርስዎም አይንገሩብኝ።